የፍየል ወተት ትምህርት፤ ከሐረርጌ ደጋ እስከ አማን የቡና አገር

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት የፍየልን ችኩልነት ያሳያል። በአማንና በሚዛን፣ በበበቃና በቴፒ ዙሪያ በተዘረጋው የቡና አገር ደግሞ ይህ ጠባይዋ ይብስባታል፤ ችግኝና የጓሮ አትክልት ባለበት ቀዬ የተለቀቀች ፍየል የጎረቤት ጠብ ታስነሣለችና። ያም ሆኖ ፍየል ከገበሬው ደጅ አልጠፋችም። የምትያዘው ግን በአብዛኛው ለሽያጭና ለሥጋ እንጂ ለወተት አይደለም። ወተት የሚጠበቀው ከላም ነው፤ ላም ደግሞ በደቡብ ምዕራቡ ቆላማ ሸለቆዎች ገንዲ የሚባለው በሽታ ይፈታተናታል። ላም የሌለው ቤት ልጆቹን ወተት የሚያጠጣበት ሌላ መንገድ አለን? የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በሌላው የአገራችን ክፍል የተገኘ ልምድ አለ። በምሥራቅና በደቡብ ቆላ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ፍየልን ሲያልቡ ኖረዋል፤ በደጋው ገበሬ ዘንድ ግን ይህ ልማድ እምብዛም አልነበረም። ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 ድረስ፣ ፋርም አፍሪካ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ ከዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲና ከአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ጋር በመተባበር የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም አካሄደ። ዋና የሥራ ቦታዎቹም የሐረርጌ ደጋና ወላይታ ነበሩ።

ፕሮግራሙ የተነሣው ከድኻ እናቶች ነው። የተመረጡት ሴቶች በቡድን ተደራጅተው ፍየል በብድር ይወስዱ ነበር፤ ብድሩም የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በግልገል ነው። የተመለሰችው ግልገል ለሌላዋ ተረኛ ትተላለፋለች። በዚህ አኳኋን ፍየሏ የሴቲቱ ንብረት ሆነች፤ ወተቱን ለልጅ ማጠጣት ወይም መሸጥ የእርሷ ውሳኔ እንዲሆንም በር ተከፈተ።

ትምህርቱ ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን በየዕለቱ ትጋትን የሚጠይቅ ነበር። ሴቶቹ እንደ ሰስባንያና ሉኪንያ ያሉትን የመኖ ዛፎች በአጥርና በማሳ ዳር መትከልን፣ ቅጠሉንም ቆርጦ ከጉረኖ ድረስ ማቅረብን ተማሩ። ፍየል አምስት ወር ያህል አርግዛ ስትወልድ ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባት እንዳለበት፣ ከዚያም ለግልገሉና ለቤተሰቡ ወተቱን ማካፈል እንደሚገባ ተረዱ። ከመንደሩ የተመረጡ ሰዎችም የእንስሳት ጤና ሥልጠና አግኝተው የመጀመሪያ ሕክምና መስጠት ጀመሩ።

ከዚህ ጎን ለጎን ከእንግሊዝ አገር አንግሎ ኑቢያን የሚባለው ዝርያ መጥቶ ከአገር ውስጥ ፍየሎች ጋር ተዳቀለ። ብዙ ተስፋ የተጣለውም በዚህ ዲቃላ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ወርቅነህ አያሌውና የሥራ ባልደረቦቹ በሐረርጌ ደጋ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ሌላ ውጤት አሳየ። ተመራማሪዎቹ ወተቱን ብቻ ሳይሆን ሥጋውን፣ ፍጉን፣ ፍየል በችግር ቀን ተሸጣ የምትሰጠውን ዋስትና ጭምር ቆጠሩ። በተሻሻለ አያያዝ የተጠበቁት ፍየሎች በልማድ ከተያዙት የበለጠ ጥቅም ሰጡ፤ ዲቃላዎቹ ግን እኩል እንክብካቤ ካገኙት የአገር ፍየሎች ብልጫ ያለው የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። ለውጡን ያመጣው በዋነኛነት ከባሕር ማዶ የመጣው ደም ሳይሆን እናቶቹ የቀሰሙት ዕውቀት ነበር ማለት ነው።

ይህ ውጤት ለአማን አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍየሎች ጥናት በደቡብ ምዕራቡ የሚገኘውን የከፋ ፍየል ራሱን እንደቻለ ዓይነት መዝግቦታል። ዝናቡ የማያቋርጥበት፣ እንሰትና ሙዝ ከቤት ጓሮ የማይጠፋበት አገር የቅጠል ድኻ አይደለም። የቡናው ማሳ ፍየልን መልቀቅ ስለማይፈቅድም መኖን ቆርጦ ማቅረብ ለዚህ አገር የተሰፋ ልብስ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ እርጥበቱ የሆድ ትላትልንና የሳንባ በሽታን ያበረታል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ የተሠራ ደረቅ ጉረኖና የቅርብ የጤና ክትትል ከሁሉ ይቀድማሉ።

ወተቱም የራሱ ጠባይ አለው። አውራው ከሚታለቡት ፍየሎች ካልተለየ ወተቱ የአውራ ሽታ ይይዛል። የስቡ ቅንጣት ደቃቅ በመሆኑ ቅባቱ እንደ ላም ወተት ቶሎ አይሰፍም፤ ስለዚህ ከቅቤ ይልቅ ለእርጎና ለመጠጥ ይመቻል። የውርጃ በሽታን ከመሳሰሉት ከፍየል ወደ ሰው ከሚተላለፉ ሕመሞች ለመዳን ሳይፈላ መጠጣት አይገባም። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም የእናት ጡት ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ከፍ ላለው ልጅ ግን ከገንፎና ከቆጮ ጎን የሚቀርብ ብርቱ ምግብ ነው።

በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑም ሆኑ በየቀበሌው የተሰማሩ የሙያ ባልደረቦች ከሐረርጌው ታሪክ የሚወስዱት ቁም ነገር ይህ ነው። ከሩቅ አገር አውራ ከማስመጣት በፊት በገመድ ታስራ ደጅ የቆመችውን ፍየል መመልከት፣ ገመዱን ለያዘችው እናትም ዕውቀቱን ማድረስ ይቀድማል።