ከብራዚል «ተአምር» በኋላ

ስለ ኋላ ቀር አገሮች እድገት ክርክር በተነሣ ቁጥር የብራዚል ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 (ዘመኑ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ሥልጣን በጦር ኃይል የጨበጡት ጄኔራሎች ሲገዙ፣ ከ1968 እስከ 1973 የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በየዓመቱ በአማካይ 11 በመቶ ገደማ አደገ። ገዢዎቹም «ተአምር» አሉት። ታዲያ ይህ እድገት አንድ ጊዜ ከተገታ በኋላ ጸንቶ መቀጠል የተሳነው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ ከዚያው ከ«ተአምሩ» ውስጥ ይገኛል። ፋብሪካው የተስፋፋው የሠራተኛ ማኅበራት ታፍነው፣ የዝቅተኛው ደመወዝ የመግዛት አቅም ወርዶ፣ ሰፊው መሬትም በጥቂት ባለርስቶች እጅ እንዳለ ነበር። ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ኩፍ ማለት አለበት የሚለው አባባል ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከዴልፊም ኔቶ ስም ጋር ተያይዞ ቀርቷል። (እስኪቆረስ የሚጠብቀው ሰው እስከዚያ ምን እንደሚበላ አባባሉ አይናገርም።) ብዙው ወዛደር የሚገጣጥመውን መኪና ሊገዛ ቀርቶ ሊያስበውም አልቻለም፤ የአገር ውስጡ ገበያ ጠባብ ሆኖ ቀረ።

በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ሲሆን፣ ነዳጇን በብዛት ከውጭ የምታስገባው ብራዚል ወይ ጉዞዋን ማዝገም፣ ወይ መበደር ነበረባት። የጌይዝል መንግሥት ብድርን መረጠ። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ሁሉ በከንቱ አልባከነም፤ በ1975 ሥራው የተጀመረውና ከፓራጓይ ጋር የጋራ የሆነው የኢታይፑ ግድብ ዛሬም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጥፋቱ የብዙው ብድር ወለድ ተለዋዋጭ መሆኑ ላይ ነበር። ከ1979 ወዲህ አሜሪካ የራሷን የዋጋ ንረት ለመግታት ወለድ ስትሰቅል፣ የብራዚል ሸክም በሌላ አገር ውሳኔ ከበደ። በ1981 ምርት ወደ ኋላ ተመለሰ። በነሐሴ 1982 ሜክሲኮ መክፈል አልችልም ስትል ባንኮቹ በብራዚልም ላይ በራቸውን ዘጉ።

የቀረው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1994 ሪያል የተባለው አዲስ ገንዘብ የዋጋውን ንረት ገታ። በ1978ቱ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ስማቸው የገነነው የማኅበር መሪ ሉላ በ2003 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ አለ፤ ለድሃ ቤተሰብ ድጎማ ተሰጠ፤ ቻይናም የብረት ማዕድንና አኩሪ አተር በገፍ ሸመተች። በ2010 እድገቱ 7.5 በመቶ ደረሰ። ገበያው ሰፋ፤ ፋብሪካው ግን እኩል አልተራመደም። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከወደቀ በኋላ በ2015 እና በ2016 ምርት በየዓመቱ ከ3 በመቶ በላይ ቀነሰ።

በ2023 እና በ2024 እድገቱ እንደገና 3 በመቶ ገደማ ሆነ። እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት በሌላ አኃዝ ላይ ነው፤ በ2025 የማዕከላዊው ባንክ መሠረታዊ ወለድ 15 በመቶ ደረሰ። በዚህ ወለድ ተበድሮ አዲስ መሣሪያ የሚተክል ባለፋብሪካ ብዙ አይሆንም። አኩሪ አተሩና የብረት ማዕድኑ ግን ወደ ወደብ መጓዛቸውን አላቋረጡም።