የዓመት ቍራጭና የእርጅና ቅናሽ

በነቀምቴ፥ በጨለለቂ ሰፈር የሚነግድ አንድ የቡና ነጋዴ ኅዳር 1 ቀን በ120,000 ብር የቡና መፈልፈያ መኪና ገዛ እንበል። ቡናው ተለቅሞ የሚገባው በዚያ ወራት ነውና ጊዜውን መርጧል ማለት ይቻላል። የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፥ መኪናው እስከ ሰኔ መጨረሻ የሚሠራው 8 ወር ብቻ ነው። ታዲያ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ስንት ይሁን?

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 286 ወሩን አይጠይቅም ነበር። በዓመቱ ውስጥ የተገዛው ዕቃ ሁሉ ከመክፈቻው ሒሳብ ጋራ ይደመራል፤ የተሸጠውም ይቀነሳል፤ ከቀሪው ላይ እንዲህ ላለው መኪና 20 በመቶ፥ ለኮምፒዩተር 25 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ ነጋዴው በሰኔ ቢገዛ እንኳ 24,000 ብር ይቀነስለት ነበር። እንደሚመስለኝ፥ ሕጉ የፈለገው ለጋስነትን ሳይሆን የመዝገብ ቅለትን ነው። ይህም አዋጅ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 979 ተተካ።

እ.ኤ.አ. በ1979 በቪዚካልክ የተጀመሩት የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ግን ቍራጩን ዓመት መለካት ይችላሉ። በኤክሴል ውስጥ ቪ.ዲ.ቢ. የተባለው ቀመር፥ ዕድሜው 5 ዓመት፥ ማባዣው 1፥ የመጨረሻ ዋጋው ዜሮ ተደርጎ ከ0 እስከ 8/12 ሲጠየቅ 16,000 ብር ያወጣል። የ8,000 ብር ልዩነት፥ 30 በመቶ ለሚከፍል ማኅበር በዚያ ዓመት 2,400 ብር ግብር ነው። በተከታዩ ዓመት 20,800 ብር ይሰጣል፤ ይኸውም ወደ እኩል ቅናሽ እንዳይዛወር በመጨረሻው ቦታ ከታዘዘ ነው። ይህን ትእዛዝ የዘነጋ ሒሳብ ሠራተኛ ቍጥሩ በርክቶ ያገኘዋል።

ቀመሩ ዓመቱን በ12 ሲከፍል ለጳጕሜን ቦታ አልተወላትም፤ በቀን መቍጠር የወደደ 365ን ይያዝ።