ደሴና ደሴት

በክረምት ማለዳ ከደሴ በኩል ሆኖ ቁልቁል ወደ ገራዶ የተመለከተ ሰው ሜዳውን አያገኘውም። ጉም ተኝቶበታል። ከጉሙ በላይ ብቅ ብለው የሚታዩት የኮረብታ አናቶች ብቻ ናቸው። ገራዶ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ገና በሕፃንነቱ እነዚህን አናቶች «ደሴቶቼ» ይላቸው ነበር። አሁን አድጎ፣ ኮምፒዩተር ተምሮ፣ ቪዲዮ ጌም ልሥራ ብሎ ተነሥቷል። ጨዋታው የሚካሄደው፣ እንደምትገምቱት፣ በአንድ ደሴት ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ደብተሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ በስም ያግዙኝ» አለኝ። ደብተሩ ውስጥ አርባ ያህል የቦታ ስሞች ተደርድረዋል። ልጁ ለደሴቱ ቋንቋ ፈጥሮለታል፤ በዚህ ቋንቋ የወንዝ ስም ሁሉ በ«ዙ» ይጀምራል፣ የተራራ ስም ሁሉ በ«ራሽ» ያልቃል። ዙማሪ፣ ዙቀሊ፣ ዙደራ፤ ጎምራሽ፣ ተልራሽ፣ ወንቢራሽ። አነበብኩና የመድኃኒት ስም ይመስላሉ አልኩት። ቅር አለው።

«ለምን ያሉትን የአገራችንን ስሞች አትወስድም?» ብለው፣ መልሱ ተዘጋጅቶ የቆየ ነበር። «ጋሼ፣ በጨዋታው ከተማ ይቃጠላል፣ ድልድይ ይፈርሳል፣ ሰው ይሰደዳል። የአንዱን አገር ስም ባስገባ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ይመጣብኛል። ማንም የኔ ነው የማይለው፣ ግን ሲሰሙት ከኛ ዘንድ የመጣ የሚመስል ስም ነው የምፈልገው።»

ይህ አነጋገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ልጁ የጠየቀኝን ነገር ከእሱ በፊት ሌሎች ሠርተውታል፤ የሚገርመው ደግሞ ሠሪዎቹ ባዕዳን መሆናቸው ነው። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስማቸው ከገነነ ምናባዊ አገሮች መካከል ቢያንስ ሁለቱ ከእኛ የቦታና የሰው ስሞች ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው።

የመጀመሪያው መነሻ ከደሴ ብዙም አይርቅም። አምባሰል ውስጥ ያለው አምባ ግሸን የነገሥታት ልጆች በዘበኛ ይጠበቁበት የነበረ ስፍራ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በ16ኛው ምእተ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ አምባ ጽፏል። ወሬው አውሮፓን ሲዞር እያማረ፣ እያማረ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1667 በታተመው የጆን ሚልተን ግጥም ውስጥ «አማራ ተራራ» ተብሎ ከገነት ጋር ተነጻጸረ። ኮልሪጅም ስለ ኩብላ ካን በጻፈው ግጥም «አቦራ» የሚል ተራራ አለ፤ በእጅ ጽሑፉ ላይ ግን የሚነበበው «አማራ» ነው። አንድ ቃል ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ብዕር ሲሻገር የሚደርስበትን ተመልከቱ።

ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1735 የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። ከ24 ዓመት በኋላ ገንዘብ ቸግሮት በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱን ልቦለድ ሲጽፍ ያ መጽሐፍ ከአእምሮው አልወጣም ነበር። የአምባውን እስር ቤት ወደ ሸለቆ ለውጦ «የደስታ ሸለቆ» አለው። ልዑሉን ግን ምን ይበለው? በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ አሉ። ጆንሰን የማዕረጉን ስምና የሰውየውን ስም አንድ ላይ ሰፍቶ፣ ክርስቶስን ቆርጦ ጥሎ፣ «ራስላስ» አወጣ። ጎጃምም በመጽሐፉ «ጎያማ» ሆኗል። የእንግሊዝ አንባቢ ይህን የሩቅ ምሥራቅ ዜማ ብሎ ተቀበለው። ለእኛ ጆሮ ግን ራስ የሚለው ማዕረግ ከስሙ ውስጥ እንደ አጥንት ፈጦ ይታያል። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱት ሲራክ ኅሩይ ይህን ስም ሲጽፉ ፈገግ ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ከመንገዴ ልውጣ። ጆንሰን እጅግ ያከብረው የነበረ ጆርጅ ሳልማናዛር የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ የፎርሞሳ ደሴት (የዛሬዋ ታይዋን) ተወላጅ ነኝ እያለ እንግሊዝን ሙሉ አታልሏል። እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ደሴቲቱ ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋውን፣ ፊደሉን፣ የወር ስሞቹን ሳይቀር ከራሱ ፈጥሮ አቀረበ። ያያት አንድም ሰው በአጠገቡ ስላልነበረ ታመነ። ኋላ ግን ራሱ ውሸቱን ተናዘዘ። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቢኖር ጥሩ የጌም ሠሪ ይወጣው ነበር» አለኝ።

ሁለተኛውና ለጉዳያችን ይበልጥ የቀረበው ኤቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ዎ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተከበረውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዓለ ንግሥ ለጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ መጣ። ያየውን ይዞ ሄደና እ.ኤ.አ. በ1932 አንድ ልቦለድ አሳተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለች ምናባዊ ደሴት ላይ ነው፤ ስሟ አዛኒያ። አዛኒያን ራሷን አልፈጠራትም፤ በአንደኛው ምእተ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው፣ ስለ አዱሊስ ወደባችንም የሚያወራው የመርከበኞች መምሪያ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ በዚህ ስም ይጠራዋል። ዎ አሮጌውን ስም ከመጽሐፍ አንሥቶ በባሕር ላይ አስቀመጠው። በወደቡና በዋና ከተማው መካከል የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ጅቡቲንና አዲስ አበባን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ለዋናው ከተማም ስም አወጣ፦ ደብረ ዶዋ።

በዚህ ስም ላይ ትንሽ እንቆይ። ግማሹ ግዕዝ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስ እያለ ሰውየው ሲሰማ ከርሟል። ሌላው ግማሽ ባቡሩ የቆረቆራት የድሬዳዋ ጅራት ነው። ተራራና ገዳም የሚያመለክት ቃል ከቆላ የባቡር ከተማ ስም ጋር ተጋጠመ። አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ብሎ አይሰይምም፤ ይሁን እንጂ ስሙ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ከወንድሜ ልጅ ሠርግ ስመለስ በመኪና ውስጥ ለሦስት ሰዎች «ደብረ ዶዋ የት ነው?» ብያቸው አንዱ ያለ ምንም ማመንታት «ሐረርጌ» ብሎኛል።

መጽሐፉ ግን መራራ ነው። ሥልጣኔን በአንድ ጀምበር ላምጣ የሚለውን ወጣት ንጉሠ ነገሥት፣ ሹማምንቱን፣ ሕዝቡን፣ ነጮቹንም አንድ ላይ ይሳለቅባቸዋል፤ መጨረሻው ሰው እስከ መብላት ይደርሳል። ደራሲው «ኢትዮጵያ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ጠያቂ በተነሣበት ነበር። «አዛኒያ» ሲል ግን ማንን ይከሰሳል? የእህቴ ልጅ የፈለገው መከለያ ይኸው ነው፤ የፈጠራ ስም ባለቤት ስለሌለው ያቃጠሉት ከተማ አይጮኽም። ዎ የጦር ጋዜጠኛ ሆኖ ተመልሶ መጣና በ1928 ዓ.ም. ደሴ ድረስ ዘለቀ። የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን በዚያው ዓመት ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታልም አልተረፈም። ይህች ከተማ እውነተኛ ስም ነበራት።

ሌላ ዓይነት ሰው ደግሞ ቶልኪን ነው። የእሱ «ጎንዶር» ከእኛ ጎንደር ጋር ስለመመሳሰሉ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ሰው በደብዳቤ ጠይቆት ነበር። የቶልኪን መልስ ስሙ ራሱ ከፈጠረው ቋንቋ የመጣ ነው የሚል ነው፤ «ጎንድ» ድንጋይ፣ «ዶር» አገር፣ የድንጋይ አገር ማለት ነው። ቶልኪን ከስም በፊት ቋንቋውን፣ ከቋንቋውም በፊት የቋንቋውን አያት ይፈጥር ነበር። የድንጋይ ግንብ የበዛበት ጎንደራችን ከዚህ ትርጉም ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ደስ ይላል።

የጆሮ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣና በደሴት ላይ የሚካሄድ የታወቀ የኮምፒዩተር ጨዋታ አለ፤ ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ «ሚስት» ነው። «ሚስት እየተጫወትኩ ነው» የሚል ወጣት ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ የእህቴን ልጅ ደብተር እንደገና ገለጥኩ። ስሞቹ የመድኃኒት የሚመስሉት ለምንድን ነው? ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አፍ የተወለዱ ስለሆኑ ነው። እስቲ ያለንበትን አካባቢ እንይ። ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ ስንል «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ ስንል «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ነው። ኮምቦልቻ የቁጥቋጦ ስም ነው፤ አማርኛው አጣጥ ይለዋል፤ ቁጥቋጦው የበቀለበት ሁሉ ስሙ ስለሚበቅል ሐረርጌም ሌላ ኮምቦልቻ አለች። ሐይቅ በግዕዝ የውኃ ዳርቻ ማለትም ነው፤ እኛ «ሐይቅ ሐይቅ» እያልን ሁለት ጊዜ እንጠራዋለን። በላዩ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእተ ዓመት ሲያስተምሩበት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ላሊበላ ከሄዳችሁ ወንዙ ዮርዳኖስ ነው፤ አንድ ሙሉ ኢየሩሳሌም በሮሐ ድንጋይ ላይ ተሰይሟል። ደሴም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰፍረውባት በደስታ ያወጡላት ስም ናት ተብሎ ይነገራል። ንጉሥ በአዋጅ ያወጣው ስም ሁሉ ግን አይጸናም፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማ ናዝሬት ተብለው ኖረው ወደ ቀድሞው ተመልሰዋል፤ ዛሬም አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ይጠራቸዋል።

ይህን ለልጁ ሳስረዳው እንዲህ አልኩት፦ «ደሴትህ ላይ መጀመሪያ የደረሰው ማነው? ዓሣ አጥማጅ ከሆነ ውኃውን ይሰይማል። ቀጥሎ መነኩሴ መጥቶ ተራራውን ይሰይም። ቀጥሎ ነጋዴ ገበያውን። ከዚያ ንጉሥ ይምጣና የሁሉንም ስም ይለውጥ፤ ሕዝቡም ግማሹን እሺ ይበለው፣ ግማሹን አልሰማሁም ይበለው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ልክ እንደ ራስላስ በሰው አፍ አሻሸው፣ ጫፍ ጫፉ ይርገፍ።»

ሁለት ሳምንት ያህል ጠፋ። ሲመለስ ከአርባው ስም ሠላሳ አራቱን ሰርዞ ነበር። አንድ መንደር ሁለት ስም ይዟል፤ አንዱ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ፣ ሌላው ረዳቱ የሚጣራበት። ካርታውን ለእናቱም አሳይቷት ኖሯል። እህቴ ጨዋታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ካርታውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ስታበቃ «ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው?» አለችው። ምንጭ ያልተሣለበት መሆኑን ያየው ያኔ ነው። በተራራው ሥር ምንጭ ሣለ። መውረጃው ገደላማ ስለሆነ ስሙን እሷው አወጣችለት፦ እንስራ ሰባሪ።

ልጁ ይህን ስም ሦስት መቶ ዓመት ያህል በአፉ አሻሸው። አሁን በካርታው ላይ ያለው «ንስራባር» ነው።