ተራሮችና ባሕር

«ተራሮችና ባሕር» አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሄለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1952 (ጥቅምት 16 ቀን 1945 ዓ.ም.) ኒውዮርክ ውስጥ የሠራችው ረቂቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ቁመቱ 2.2 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ያህል ነው። መነሻው በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለው የኖቫ ስኮሺያ መልክዓ ምድር ነው። ሠዓሊዋ የቀጠነ የዘይት ቀለም መነሻ ቅብ ባልተቀባ ሸራ ላይ አፍስሳ ወደ ድርና ማጉ እንዲሰርግ ያደረገችበት ይህ ሥራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመጣው የአሜሪካ ረቂቅ ሥዕል አዲስ መንገድ ከፍቷል። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በዚህ ብልሃት ነው፤ ይሁንና ብልሃቱ ሠዓሊዋ ይዛው ከተመለሰችው የተራራና የውሃ ትዝታ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠዓሊዋና ዘመኑ

ፍራንከንታለር በ1928 ኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። በዳልተን ትምህርት ቤት ከሜክሲኳዊው ሠዓሊ ሩፊኖ ታማዮ፣ በቬርሞንት ግዛት በሚገኘው ቤኒንግተን ኮሌጅ ደግሞ ከፖል ፊሊ ሥዕል ተማረች። በኮሌጁ የኩቢስት ሠዓሊዎችን የድርሰት አወቃቀር በጥልቀት አጥንታ በ1949 ተመረቀች። በቀጣዩ ዓመት ፕሮቪንስታውን ሄዳ ለአጭር ጊዜ በሠዓሊው ሃንስ ሆፍማን ሥር ሠርታለች።

ያ ዘመን ኒውዮርክ የአዲስ ሥዕል ዋና መናኸሪያ የሆነችበት ነው። ጃክሰን ፖሎክ፣ ቪለም ደ ኩኒንግና ማርክ ሮትኮ አብስትራክት ኤክስፕሬሽኒዝም የተባለውን አሠራር ይዘው ወጥተው ነበር። በ1950 የሥነ ጥበብ ሃያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ በቤቲ ፓርሰንስ ጋለሪ የቀረበውን የፖሎክን ዐውደ ርእይ እንድታይ ወሰዳት፤ በማግስቱ ዓመትም በሎንግ አይላንድ የሚገኘውን የፖሎክን መሥሪያ ቦታ ጎበኘች። ከእርሱ የወሰደችው ዋና ትምህርት ሸራን ከማቆሚያው አውርዶ ወለል ላይ መዘርጋትንና በአራቱም ማዕዘን እየዞሩ መሥራትን ነው። ነገር ግን የፖሎክ ቀለም በአብዛኛው ወፍሮ ከሸራው በላይ ሲጋደም፣ እርሷ ቀለሙን አቅጥና ወደ ውስጥ ማስገባትን መረጠች። ለዚህ ምርጫዋ የፖል ሴዛን የውሃ ቀለም ሥራዎችም መንገድ አሳይተዋታል፤ በእነርሱ ላይ ሳይቀባ የቀረው ወረቀት ከተቀባው እኩል ድርሻ አለው።

የኖቫ ስኮሺያ ጉዞ

በ1952 የበጋ ወራት ፍራንከንታለር ከግሪንበርግ ጋር ወደ ኖቫ ስኮሺያና ኬፕ ብሬተን ተጓዘች። በዚያ አካባቢ በደን የተሸፈኑ ኮረብታዎች እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወርዳሉ። እርሷም ደጅ እየተቀመጠች ያየችውን መልክዓ ምድር በትናንሽ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ላይ አሰፈረች።

ወደ ኒውዮርክ ከተመለሰች በኋላ ግን እነዚህን ንድፎች አጉልታ ወደ ትልቅ ሸራ አልገለበጠችም። በኋለኛ ዘመን ስለዚህ ሥራ ስትጠየቅ፣ ሸራው ላይ ስትሠራ መልክዓ ምድሩ ክንዶቿ ውስጥ እንደነበረ ተናግራለች። ይህ አነጋገሯ ለሥዕሉ ዋና ቁልፍ ነው፤ ተራራውንና ባሕሩን ደጋግሞ የሣለ እጅ በትልቁ ሸራ ላይ የሚንቀሳቀሰው ያንኑ ልምድ ተሸክሞ ነው። ሥዕሉ የአንድን ቦታ መልክ አይቀዳም፤ በዚያ ቦታ መኖር ያሳደረውን ስሜት ግን ይዟል።

አሠራሩ

በተለመደው የዘይት ቀለም አሠራር ሸራ አስቀድሞ በማጣበቂያና በነጭ መነሻ ቅብ ይሸፈናል። ይህ ሽፋን ዘይቱ ክሩን እንዳይነካ ይከላከላል፤ ቀለሙንም ከላይ ያቆየዋል። ፍራንከንታለር ይህን ደረጃ ዘለለችው። ጥሬውን የጥጥ ሸራ ወለል ላይ ዘርግታ በከሰል ጥቂት ፈጣን መስመሮች ጣለች። ከዚያም የዘይት ቀለሙን በተርፐንታይንና በነጭ ጋዝ እንደ ውሃ እስኪሆን አቅጥና ከቡና ጣሳዎች አፈሰሰችው።

ቀለሙ ሸራው ላይ እንደነካ ይሰርጋል፤ ይስፋፋል፤ ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ ይቆማል። ሲደርቅ ቀለሙንና ጨርቁን መለየት አይቻልም፤ ሸራው ራሱ እንደተነከረ ይሆናል። ፍቆ ማረም ወይም ደራርቦ መሸፈን አይቻልምና ሠዓሊዋ መቼ ማፍሰስ፣ መቼ መገደብ፣ መቼ ማቆም እንዳለባት ወዲያው መወሰን ነበረባት። በአንድ ቀን የተጠናቀቀው ይህ ሥራ የድንገት ውጤት ቢመስልም፣ ከኋላው የዓመታት የድርሰት ትምህርትና የአንድ በጋ ምልከታ አለ።

የሥዕሉ መልክ

ፈዘዝ ያሉ ሮዝ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች በሰፊው ሸራ ላይ ተበታትነዋል። መካከል ላይ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ቅርጾች ወደ ላይ ይነሳሉ፤ በቀኝ በኩል የተዘረጋውን ሰማያዊ ተመልካች በቀላሉ ባሕር ብሎ ያነበዋል። የከሰሉ መስመር አንዳንዴ ቀለሙን ይመራዋል፤ አንዳንዴ ትቶት ብቻውን ይሄዳል፤ አንዱንም ቅርጽ አጥሮ አይዘጋም። ከሸራው ብዙው ክፍል ሳይቀባ ቀርቷል፤ ይህ ባዶ ቦታ በሥዕሉ ውስጥ የብርሃንና የአየር ሥራ ይሠራል።

ሥዕሉን ታላቅ የሚያደርገው ቁሱና ጉዳዩ አንድ መሆናቸው ነው። ቀለሙ ልክ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ይጠራቀማል፣ ዳርቻ ያበጃል። ስለዚህ ባሕርን ለማሳየት የማዕበል መልክ መሣል አላስፈለገም፤ የውሃ ባሕርይ በራሱ በአሠራሩ ውስጥ ይታያል። ረቂቅነትና ተፈጥሮ የማይገናኙ ጎራዎች ናቸው ለሚለው አስተሳሰብ ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

አቀባበሉና ተጽዕኖው

ሥዕሉ በ1953 መጀመሪያ ኒውዮርክ በሚገኘው ቲቦር ደ ናዥ ጋለሪ ለሕዝብ ቀረበ። ሠዓሊዋ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ሥራው ብዙ አድናቆት አላገኘም፤ ገዢም አልመጣለትም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ግን ግሪንበርግ ከዋሽንግተን የመጡትን ሠዓሊዎች ሞሪስ ሉዊስንና ኬኔት ኖላንድን ወደ መሥሪያ ቦታዋ ይዟቸው መጣ። ሁለቱም በሥዕሉ እጅግ ተነኩ። ሉዊስ ፍራንከንታለርን ከፖሎክ ወደሚቀጥለው ዕድል የምታሻግር ድልድይ አድርጎ እንደገለጻት ይነገራል። በ1954 የጀመራቸው «መጋረጃዎች» የተባሉት ሥዕሎቹ ቀለምን ወደ ጥሬ ሸራ በማስረግ የተሠሩ ናቸው። ከዚህ ጅምር ያደገው አሠራር ቆይቶ «የቀለም መስክ ሥዕል» ተብሏል።

የድልድይነቱ ስም ክብር ቢሆንም ፍራንከንታለርን በሁለት ወገን ወንዶች መካከል ያለች መተላለፊያ ብቻ አድርጎ ማሳየቱ አጉድሏታል። ሉዊስና ኖላንድ የማስረጉን ብልሃት ወስደው በአብዛኛው ወደ ንጹሕ ቀለምና ቅርጽ አመሩ። እርሷ ግን ቀለምን ከመልክዓ ምድር ትዝታ ጋር ማገናኘቷን አልተወችም። በ1963 የሠራችውና አሁን በዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም የሚገኘው «የባሕር ወሽመጥ» ለዚህ ምስክር ነው።

ይዞታውና ጥበቃው

ያልተጠበቀ ሸራ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከጊዜ ጋር አሻራ ይተዋል። ዘይቱ ከቀለሙ አልፎ በመሄድ በዙሪያው ወየብ ያለ ጥላ ያበጃል፤ ውስጡ ያለው አሲድም ክሩን ቀስ በቀስ ያዳክማል። ፍራንከንታለር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አክሪሊክ ቀለም ስትዞር ከዚህ ችግር ወጥታለች፤ ቀለሙም ይበልጥ ደማቅና ጠርዙ ጥርት ያለ ሆኗል።

«ተራሮችና ባሕር» ሳይሸጥ በሠዓሊዋ እጅ ቆየ። በ1998 ጉገንሃይም ሙዚየም ከ1956 እስከ 1959 የሠራቻቸውን ሥዕሎች ያሳየበት ዐውደ ርእይ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ፍራንከንታለር በ2011 ካረፈች በኋላ ሥዕሉ የሄለን ፍራንከንታለር ፋውንዴሽን ንብረት ሲሆን፣ በረጅም ጊዜ ውሰት ዋሽንግተን ለሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ተሰጥቷል።