ለባላጋራ የተጠረገ መንገድ

ሰው ባላጋራውን ለመጣል ሲል ሕግን በጣሰ ጊዜ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሶ ወዲያው ወደ ሕግ የሚመለስ ይመስለዋል። ነገር ግን አጥር ጥሶ የገባ ሰው ክፍተቱን ይዞት አይሄድም። ክፍተቱ እዚያው ይቀራል፤ ከእርሱም በኋላ ሌላው ይገባበታል፤ ውሎ አድሮም አውሬው ሳይቀር ይገባበታል። የዚህን ነገር እውነተኛነት ከሮማውያን ታሪክ ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። ስለዚህ የማርዮስንና የሱላን ፉክክር፥ ከእነርሱም በኋላ የተከተለውን መከራ ለአንባቢ በአጭሩ ላስረዳ አሰብሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።

ሮማውያን ራሳቸው እንደሚተርኩት፥ በ509 ዓመት የመጨረሻውን ንጉሣቸውን አባረሩ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ብቻውን ሥልጣንን ጠቅልሎ እንዳይዝ እጅግ ይጠነቀቁ ነበር። በየዓመቱ ኮንሱል የሚባሉ ሁለት ሹማምንት ይመርጣሉ፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው መከልከል ይችላል። ሕዝቡም ትሪቡን የሚባሉ 10 ጠበቆች ነበሩት። ትሪቡኑ ክልክል ነው ያለ እንደ ሆነ የኮንሱሉ ትእዛዝ እንኳ ይቆማል፤ በትሪቡን ላይ እጁን የሚያነሣ ሰውም እንደ ርጉም ይቈጠራል። ከዚህም ሌላ ሴኔት የሚባል የታላላቆች ሸንጎ ነበራቸው። የጦር አዛዥም ቢሆን በድል በዓል ቀን ካልሆነ በቀር ሠራዊቱን ይዞ የከተማይቱን የተቀደሰ ወሰን ማለፍ አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ሁሉ ሥርዓት የሚጠብቀው ዘበኛ ግን ይሉኝታ ነበር። በከተማይቱ በር ላይ ሠራዊትን የሚመልስ ሌላ ሠራዊት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ አይደረግም የሚል እምነት ብቻ ቆሞ ነበር።

በ146 ዓመት ሮማውያን ብርቱ ጠላታቸው የነበረችውን የካርታጎን ከተማ ደመሰሱ። የውጭ ፍርሃት በራቀ ጊዜ የውስጥ ቅንዓት በረታ። የጦርነቱ ሀብት በጥቂቶች እጅ ሲከማች፥ በጦር ሜዳ የቈየው ባላገር መሬቱን እያጣ ወደ ከተማ ይሰደድ ጀመር። በ133 ዓመት ጢባርዮስ ግራኩስ የሚባል ትሪቡን የመንግሥትን መሬት ለድኾች የሚያካፍል ሕግ አወጣ። ሕጉን የተቃወመውን ባልደረባውን ትሪቡን በሕዝብ ድምፅ አሻረው፤ ይህም እንግዳ ነገር ነበረ። በሚከተለውም ዓመት ደግሞ ለመመረጥ በፈለገ ጊዜ ከሴኔት ሰዎች ብዙዎቹ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወጡና በዱላና በተሰበረ ወንበር እግር ቀጥቅጠው ገደሉት። ከእርሱ ጋር የሞቱት ከ300 በላይ እንደ ነበሩና አንዳቸውም በብረት እንዳልተገደሉ ፕሉታርክ ጽፏል። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ በመጀመሪያው ቀን ሰይፍ ለመምዘዝ ገና ያፍሩ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ121፥ ወንድሙ ጋዮስ ግራኩስ በጠፋ ጊዜ ግን እፍረቱ አልቆ ነበር። ኮንሱሉ የጋዮስን ራስ ቈርጦ ላመጣ ሰው በሚዛኑ ልክ ወርቅ እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ከእልቂቱም በኋላ ያው ኮንሱል የስምምነትን ቤተ መቅደስ እንደ ገና አሠራ።

ማርዮስ በዚህ ዘመን ያደገ ሰው ነው። አርፒኑም በምትባል ከተማ አጠገብ ስሙ ካልታወቀ ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ በጦር ሙያው ከፍ እያለ ሄዶ በ107 ዓመት ኮንሱል ሆነ። መሬት የሌላቸውንም ድኾች በጦር ሠራዊት ውስጥ መዘገበ። ድኾቹ እንጀራ አገኙ፤ ነገር ግን ወታደሩ ከዘመቻ ሲመለስ መሬት የሚያሰጠው አዛዡ ስለ ሆነ፥ ልቡ ከሸንጎው ይልቅ ወደ አዛዡ ያደላ ጀመር። ማርዮስ ከሰሜን የመጡትን ወራሪዎች፥ ቴውቶኖችንና ኪምብሮችን፥ በ102ና በ101 ዓመት ደምስሶ አገሩን አዳነ። ከ104 እስከ 100 ድረስም በየዓመቱ ባከታተለ ኮንሱል ተባለ።

ሱላ ደግሞ ከትልቅ ዘር የተወለደ፥ ነገር ግን ቤቱ የደኸየ ሰው ነበር። ማርዮስ በሰሜን አፍሪካ የኑሚድያን ንጉሥ ዩጉርታን በተዋጋ ጊዜ ሱላ ከበታቹ ሆኖ ያገለግል ነበር። በ105 ዓመት የሞሪታንያ ንጉሥ ቦኩስ ዩጉርታን በተንኰል ይዞ ለሱላ አስረከበው። የድሉ ክብር እንደ ሥርዓቱ ለአዛዡ ለማርዮስ ሆነ። ሱላ ግን ዩጉርታን ሲረከብ የሚያሳይ ሥዕል በማኅተም ቀለበቱ ላይ አስቀርጾ ያደርገው ጀመር፤ ደብዳቤ ባተመ ቍጥር ማርዮስን ያቈስለዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማሩን አንድ መምህር፥ ትልቅ ጠብ ስታዩ መነሻውን በትንሽ ነገር ፈልጉት ይሉን ነበር። ከዚህ ጠብ መነሻዎች አንዱ የጣት ቀለበት ነበር።

በ88 ዓመት ሱላ ኮንሱል ሆኖ ሳለ፥ በታናሽ እስያ በሮማውያን ላይ የተነሣውን የጶንጦስን ንጉሥ ሚትሪዳጥስን እንዲወጋ ተሾመ። ማርዮስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 70 የቀረበ፥ ክብርም ሀብትም የሞላለት ሽማግሌ ነበር። ዳሩ ግን የሌላው መሾም እንቅልፍ ነሣው። ሱልፒክዮስ ከሚባል ትሪቡን ጋር ተማከረና፥ በአደባባይ ሁከት ተነሥቶ ሰው እየተደበደበ፥ አዛዥነቱ ከሱላ ተወስዶ ለማርዮስ እንዲሰጥ ተደነገገ። ሱላ ኖላ በምትባል ከተማ አጠገብ ወደ ሰፈረው ሠራዊቱ ሄዶ የተደረገበትን ግፍ ነገራቸው። ወታደሮቹም ሠራዊቱን ሊረከቡ የተላኩትን መኰንኖች በድንጋይ ወግረው ገደሉና ወደ ሮማ ምራን አሉት። ከከፍተኛ መኰንኖቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም ጥለውት ሄዱ፤ በአገራቸው ላይ ጦር መምራት አልሆነላቸውም። በመንገድ የተገናኙት የሸንጎ መልክተኞች በአገርህ ላይ ጦር ይዘህ የምትመጣው ስለ ምን ነው ብለው ቢጠይቁት፥ ከግፈኞች ነጻ ላወጣት ነው ብሎ መለሰ። አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ ወዲህ ጦር ይዞ በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ላይ የመጣ ሰው ከዚህ የተለየ ምክንያት ሲሰጥ ሰምተሃልን?

ሱላ ሮማን በጦር ያዘ፤ ማርዮስም ሸሽቶ በረግረግ ውስጥ ተሸሸገ፥ በኋላም ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ሸንጎው በወታደር ተከቦ ማርዮስ የአገር ጠላት ነው ብሎ እንዲወስን ታዘዘ። ስኬቮላ የሚባል አንድ የሕግ ዐዋቂ ሽማግሌ ግን እምቢ አለ። ሱላ ቢያስፈራራውም፥ በሰውነቱ ለቀረችው ጥቂት የሽማግሌ ደም ሳስቶ ሮማን ያዳነውን ሰው ጠላት እንደማይለው ተናገረ። የዚያን ቀን ሕግ የኖረው በዚህ ሽማግሌ አፍ ላይ ብቻ ነበር።

ሱላ ወደ ምሥራቅ በዘመተ ጊዜ ማርዮስ ያንኑ ክፍተት አገኘው። በ87 ዓመት ኪና ከሚባል ሹም ጋር ሆኖ በጦር ወደ ሮማ ገባ። የኮንሱሉ የኦክታውዮስ ራስ ተቈርጦ በአደባባዩ የንግግር ሰገነት ላይ ተሰቀለ፤ ሌሎችም ብዙ ታላላቅ ሰዎች ታረዱ። በ86 ዓመት ማርዮስ ለ7ኛ ጊዜ ኮንሱል ተባለ፤ ነገር ግን 20 ቀን እንኳ ሳይሞላው ሞተ።

ሱላ ድል አድርጎ በ82 ዓመት ዳግመኛ ሮማን ያዘ። ዲክታቶር የሚባለው ሹመት ቀድሞ ከ6 ወር የማያልፍ ነበር፤ እርሱ ግን ያለ ጊዜ ገደብ ያዘው። የሚገደሉትንም ሰዎች ስም በሰሌዳ እያስጻፈ በአደባባይ ያወጣ ጀመር። በመጀመሪያ 80፥ ከአንድ ቀን በኋላ 220፥ በማግሥቱም እንደዚያው ያህል ስም እንደ ወጣ ፕሉታርክ ይተርካል። ለገዳይ ዋጋ ይከፈላል፤ የሟቹ ሀብት ይወረሳል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከሹመት ይከለከላሉ። ኩዊንጦስ አውሬልዮስ የሚባል፥ በሹመት ነገር የማይገባ ጸጥተኛ ሰው፥ ሰሌዳውን ለማንበብ ቢወጣ የራሱን ስም አገኘ። ያስገደለኝ በአልባ ያለው ርስቴ ነው ብሎ አዝኖ ጥቂት እንደ ሄደ አንዱ ተከትሎ ገደለው። ጠቡ የጀመረው በሁለት ታላላቅ ሰዎች ክብር ነበር፤ አሁን ግን የጐረቤት ርስት ለተመኘ ሁሉ መሣሪያ ሆነ።

ታሪክ ባስተማርሁባቸው ዓመታት እዚህ ክፍል በደረስሁ ቍጥር ተማሪዎቼ ጥፋተኛው ማን ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ግማሹ የማርዮስ ጠበቃ፥ ግማሹ የሱላ ጠበቃ ይሆናል። የሱላ ጠበቆች «ማርዮስ አስቀድሞ» ብለው ይጀምራሉ፤ የማርዮስ ጠበቆችም «ከዚያ በፊት ሱላ» ብለው ይመልሳሉ፤ ደወል እስኪደወል ድረስ መጨረሻ አይገኝለትም። በእኔ አስተያየት ሱላ በእውነት የተበደለ ሰው ነበር። ሹመቱ በሕግ የእርሱ ነበር፤ የተወሰደበትም በሁከት ነበር። ትልቁ አደጋ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በግልጥ ወንበዴ የሆነ ሰው ሕግን ሲጥስ ሕዝብ ይጠነቀቅበታል፤ የተበደለ ሰው ሕግን ሲጥስ ግን ሕዝብ እያጨበጨበ በሩን አብሮት ይሰብራል። በደሉም ውሎ አድሮ ይረሳል፤ የተሰበረው በር ግን ለሁሉ ይታያል።

ሱላ ራሱ ይህን ያወቀ ይመስላል። በሥልጣኑ ዘመን የትሪቡኖችን መብት ቀነሰ፤ የሹመትን ተራና ዕድሜ ወሰነ፤ አገረ ገዥ ሠራዊቱን ይዞ ከግዛቱ እንዳይወጣ በሕግ ከለከለ። ከዚያም በገዛ ፈቃዱ ሥልጣኑን ትቶ በ78 ዓመት ሞተ። በሩን ሰብሮ ከገባ በኋላ ከውስጥ ሆኖ ሊዘጋው መሞከሩ ነበር። ነገር ግን ልጅ የአባቱን ምክር ከሚሰማ ይልቅ የአባቱን ሥራ አይቶ ይከተላል። በ70 ዓመት ለትሪቡኖች የቀድሞ ሥልጣናቸውን መልሰው የሱላን ሕግ ያፈረሱት፥ በእርሱ ጥላ ሥር ያደጉት ፖምፔዮስና ክራሱስ ነበሩ።

ፖምፔዮስ በወጣትነቱ ከሱላ ወገን ጦር የመራ ሰው ነው። ዩልዮስ ቄሣር ደግሞ ለማርዮስ ሚስት የወንድም ልጅ ነበር። የኪናን ልጅ አግብቶ ስለ ነበር ሱላ እንዲፈታት ቢያዘው እምቢ ብሎ ከሞት ለጥቂት ተረፈ። በ60 ዓመት ሁለቱ ከክራሱስ ጋር ሦስት ሆነው ተማማሉ፤ ፖምፔዮስም የቄሣርን ልጅ ዩልያን አገባ። ነገር ግን ዩልያ በ54 ዓመት ሞተች፤ ክራሱስም በ53 ከጳርቴ ሰዎች ጋር ሲዋጋ ተገደለ፤ በመካከላቸው የሚቆም ጠፋ። ቄሣር ዛሬ ፈረንሳይ የምትባለውን ጋልያን አሸንፎ በክብር ሲበልጥ ፖምፔዮስ ቀና፤ ፖምፔዮስ በሮማ የበላይ ሲሆን ቄሣር ሠጋ።

በ50 ዓመት መጨረሻ ላይ ሁለቱም በአንድነት ጦራቸውን እንዲያስረክቡ ለሸንጎው አሳብ ቀረበ። አፒያኖስ የተባለው ጸሐፊ እንደ ተረከው 370 ሰዎች ደገፉ፥ 22 ብቻ ተቃወሙ። ኮንሱሉ ግን ሸንጎውን በትኖ ወደ ፖምፔዮስ ሄደና በቄሣር ላይ እንዲነሣ ሰይፍ ሰጠው። ሰላምን የወደዱት በቍጥር በዙ፤ ጠብን የወደዱት ግን በቍርጥነት በለጡ።

በ49 ዓመት በጥር ወር ቄሣር የግዛቱ ወሰን የሆነውን ሩቢኮን የሚባለውን ትንሽ ወንዝ ከአንድ ሌጌዎን ጋር ተሻገረ። እርሱም እንደ ሱላ ተበድያለሁ አለ፤ የትሪቡኖችን መብት ላስከብር መጣሁ አለ። በዚያው ወራት ታላቁ ተናጋሪ ሲሴሮ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፥ ፖምፔዮስ ሱላ ከቻለ እኔ ስለ ምን አልችልም ማለት እንደሚያዘወትር ገልጧል። ሱላ ከሞተ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። ሕጎቹ ፈርሰዋል፤ የሄደበት መንገድ ግን በሁለቱም ባላጋራዎች ልብ ውስጥ ተጠርጎ ይታይ ነበር።

በ48 ዓመት ፖምፔዮስ ድል ሆነና ወደ ግብጽ ሸሽቶ ከመርከብ ሲወርድ ተገደለ። ቄሣርም የዕድሜ ልክ ዲክታቶር ተባለ፤ በ44 ዓመት በመጋቢት ወር ግን ፖምፔዮስ ባሠራው አዳራሽ፥ ከፖምፔዮስ ሐውልት ሥር፥ በ23 ቍስል ወደቀ። በሚከተለው ዓመት የሚገደሉ ሰዎች ሰሌዳ ዳግመኛ በአደባባይ ወጣ፤ ሲሴሮም ከተጻፉት አንዱ ነበር። ከብዙ ደም በኋላ በ27 ዓመት ኦክታውያኖስ አውግስጦስ ተብሎ ብቻውን ገዛ። ሮማውያን ሰላም አገኙ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሥልጣንን ጠቅልሎ እንዳይዝ ብለው 480 ዓመት ያህል የጠበቁትን ነገር የሰላም ዋጋ አድርገው ከፈሉት።

ፉክክር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ሮማን ትልቅ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ልጆቿ በሥራና በጀግንነት መበላለጣቸው ነበር። ክፉ የሚሆነው ባላጋራን ማሸነፍ ከሸንጎው ክብር በበለጠ ጊዜ ነው። ይህም ለጦር አዛዦች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በማኅበርም በመሥሪያ ቤትም ሹመት ባለበት ሁሉ ይገኛል። ስለዚህ ሰው፥ ይልቁንም እውነት ከእኔ ጋር ናት የሚል ሰው፥ በባላጋራው ላይ እጁን ከማንሣቱ በፊት ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ እኔ ዛሬ የማደርገውን ባላጋራዬ ነገ ቢያደርግብኝ፥ አቤት የምልበት ሸንጎ ይቀርልኛልን?