የሶዳ ሐይቆች ሰብል

አልጌን አምርቶ ለምግብ፣ ለቁሳቁስና ለነዳጅ ማዋል የዘመናችን ግኝት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ታሪኩ ሲመረመር ግን የሚገኘው ከዚህ የተለየ ነው። ሰብሉ በቤተ ሙከራ ከመታወቁ እጅግ ቀደም ብሎ በሐይቅ ዳር ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ በጠፋባቸውም ስፍራዎች ለመጥፋቱ ምክንያት የሆነው የውሃው መለወጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1519 ወደ ሜክሲኮ የዘለቁት ስፔናውያን በአዝቴኮች ዋና ከተማ ገበያ አንድ እንግዳ ምግብ ሲሸጥ ተመለከቱ። ከዘማቾቹ አንዱ የነበረው ቤርናል ዲያስ ዴል ካስቲዮ እንደ መዘገበው፣ ምግቡ ከሐይቁ ከሚሰበሰብ ጭቃ መሰል ነገር የሚዘጋጅ ቂጣ ሲሆን ጣዕሙ አይብ አይብ ይል ነበር። አዝቴኮች «ቴኩዊትላትል» የሚሉት ይህ ምግብ ስፒሩሊና እንደ ነበረ ሊቃውንት ያምናሉ። ስፒሩሊና በልማድ ከአልጌ ጋር ይቆጠር እንጂ በሥነ ሕይወት አመዳደብ ከባክቴሪያ ወገን ነው። ከወረራው በኋላ የቴክስኮኮን ሐይቅ ለማጠንፈፍ በተካሄደው የብዙ ዘመናት ሥራ ውሃው ተመናመነ፤ ምግቡም ከሕዝቡ ማዕድ ጠፋ።

በአፍሪካ ግን ልማዱ አልተቋረጠም። በቻድ አገር በካኔም አውራጃ የካኔምቡ ሴቶች ከትንንሽ የሶዳ ኩሬዎች ላይ አረንጓዴውን ስልባቦት እየቀዱ፣ በአሸዋ ላይ በተማሰ ጎድጓዳ ስፍራ አጠንፍፈው በፀሐይ ያደርቁታል። ቆራርጠው ለገበያ ያቀርቡታል፤ ለገንፎ ማባያ የሚሆን ወጥም ይሠሩበታል። ስሙ «ዲሄ» ይባላል። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ፒየር ዳንዣር እ.ኤ.አ. በ1940 ስለዚሁ ምግብ ዘገባ ቢያወጣም ዘመኑ የጦርነት ነበርና ልብ ያለው አልተገኘም። ቤልጂጋዊው ዣን ሌዮናር እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ሰሐራን ባቋረጠ የጥናት ጉዞ ላይ ሳለ ዲሄን አግኝቶ ጉዳዩን እንደገና አነሣው። በምርመራም ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን መሆኑ ተረጋገጠ። በዚያው ዘመን በቴክስኮኮ በሶዳ ፋብሪካ ማትነኛ ኩሬዎች ውስጥ ያው ስፒሩሊና ማንም ሳይዘራው በቅሎ በመገኘቱ፣ በ1970ዎቹ ለገበያ ይመረት ጀመር።

ስፒሩሊና ከሌሎቹ አልጌዎች የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሶዳ በበዛበት ውሃ ተቀናቃኞቹ ሲሞቱ እርሱ ይለመልማል፤ ክር መሰል አካሉም በጨርቅ ወንፊት ይያዛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለምን ረኃብ ያስወግዳል ተብሎ ብዙ የተወራለት ክሎሬላ ግን እነዚህ ሁለት ጠባዮች የሉትም። ደቃቅ በመሆኑ ከውሃው ለመለየት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ነው፤ የሕዋሱ ግድግዳም ለሰው ሆድ አይመችም።

በነዳጅ ረገድ የታየው ውጤትም ከዚህ ብዙ አልራቀም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ከአልጌ ዘይት የማውጣት ምርምር አካሂዶ ነበር። በኒው ሜክሲኮ የተሠሩት ኩሬዎች ሌሊት በሚወርደው ብርድ ምርታቸው ቀነሰ፤ የዘይቱም ዋጋ ከፔትሮል ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ኤክሶን ሞቢል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚሁ ዓላማ እስከ 600 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ቢያስታውቅም፣ ከሥራው መውጣቱ በ2023 ተሰማ። በዚህ መካከል የፀሐይና የነፋስ ኤሌክትሪክ ዋጋ እጅግ ረክሶ ነበር። በአንጻሩ ከባሕር አልጌ የሚገኘው አጋር ከ1880ዎቹ ጀምሮ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሆኖ እስከ ዛሬ ከቤተ ሙከራ አልተለየም።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል። በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቀለም ነው፤ በሻላ አጠገብ የሚገኘው የጪቱ ሐይቅም በስፒሩሊና የታወቀ ነው። ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በአረንጓዴና በቂሎሌ ሐይቆች የተለካው የፎቶሲንተሲስ መጠን በተፈጥሮ ውሃ ሊደረስበት ከሚችለው ከፍተኛ ወሰን አጠገብ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ 16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የሞጆ ወንዝ ወደ ቂሎሌ እንዲገባ ተደረገ። የሐይቁ ሶዳ በወንዙ ውሃ ቀጠነ፤ ስፒሩሊናውም ስፍራውን ለሌሎች ዝርያዎች ለቀቀ።

ቴክስኮኮ በመጠንፈፉ፣ ቂሎሌ ጣፋጭ ውሃ በመቀበሉ ሰብላቸውን አጡ። ለእርሻና ለመጠጥ የማይበጅ ውሃ ከንቱ መስሎ መታየቱ ለሁለቱም ጥፋት በር የከፈተ ይመስላል። የካኔም ኩሬዎች እስከ ዛሬ ሰብል የሚሰጡት ግን ሴቶቹ የውሃውን ዋጋ አውቀው ስለሚጠቀሙበት ነው። በአረንጓዴና በጪቱ ዙሪያ ቦይ ለመቅደድ፣ ሶዳ ለማውጣት ወይም ፋብሪካ ለመትከል የሚያቅድ መሐንዲስም ሆነ አስተዳዳሪ ይህን ሂሳብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። የቂሎሌ ልኬት በመጽሔት ታትሞ መቀመጡ ሐይቁን አላዳነውም፤ ባለሙያው ያወቀውን ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ለወሳኙ ማድረስ የራሱ የባለሙያው ግዴታ ነው።