ሳድስ፦ አመለኛው ቤት

ሳድስ በግዕዝ «ስድስተኛ» ማለት ነው፤ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ባሉት 7 ቤቶች ተራው 6ኛ ስለሆነ። ንባብ ለሚያስተምር ሰው ግን ተራ ቁጥሩ ብዙም አይጠቅመውም። ሌሎቹ ቤቶች የታመኑ ናቸው፤ «ቦሌ» ሲባል ሳብዑ «ቦ»ም ኃምሱ «ሌ»ም አናባቢያቸውን ይዘው ይነበባሉ።

ሳድስ አመለኛ ነው።

መገናኛ ላይ የታክሲ ረዳት «ጉርድ ሾላ» ብሎ ሲጣራ «ር» እና «ድ» አናባቢ የላቸውም፤ ከ«ጉ» ጋር ተጣብቀው በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። «ብርጭቆ» ላይ ደግሞ «ብ» እና «ጭ» አጭር አናባቢ አላቸው፤ መሀል ያለው «ር» የለውም። «ቆ» መጥበቁንም (ይህ ሌላ ጣጣ ነው) ጽሑፉ አይናገርም። አማርኛ የለመደ አንባቢ ሁሉንም ሳያስበው ያልፈዋል፤ ጀማሪው ግን እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ሲጠራ ቃሉ ይጠፋበታል።

በቦሌ የግል መዋዕለ ሕፃናት የእንግሊዝኛው ፎኒክስ (ፊደላትን በድምፃቸው የማስተማር ዘዴ) ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። የእንግሊዝኛዋ ቢ ድምፅ በፊደላችን ስትጻፍ ያው «ብ» ናት፤ ለብቻዋ ስትጠራ ግን አናባቢ ይከተላታል። ስለዚህ መምህራን ሳድስን በነጠላ ከማስጮህ ይልቅ «ብር» እና «አይብ»ን ጎን ለጎን ቢያስነብቡ ይሻላል፦ በመጀመሪያው «ብ» አናባቢ አላት፣ በሁለተኛው ከንፈር ገጥሞ ቃሉ ያበቃል።